የወይን ጠጅ ከኢጣልያ ገዝቶ ሊማሊሞን ስለ ማሳለፍ

ከሩቅ አገር ወደ ዘመዶቹ የሚመለስ ሰው ባዶ እጁን መግባት ያፍራል። የቀድሞ ሰዎች ከኢየሩሳሌም ሲመለሱ መስቀል፥ ከምጽዋ ሲመለሱ ጨርቅና ሽቶ ይዘው ይገቡ ነበር። በዛሬው ጊዜ ደግሞ ለሥራ፥ ለትምህርት ወይም ለዘመድ ጥየቃ ኢጣልያ ደርሶ የሚመለሰው ብዙ ስለ ሆነ፥ በሻንጣው ውስጥ አንድ ሁለት ጠርሙስ የወይን ጠጅ ቢገኝ አያስደንቅም። ጠርሙሱን ለመግዛት ገንዘብ ይበቃል፤ የሚቀበለውን ሰው ደስ ለማሰኘት ግን ገንዘብ ብቻውን አይበቃም። ይህን ነገር በራሳችን ስሕተት የተማርነው ስለ ሆነ፥ ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ምክር ይገኝበታል ብለን ለተከበሩ አንባቢዎቻችን እንጽፈዋለን።

በ2007 ዓ.ም. በኅዳር ወር የወንድማችን ልጅ በፊሬንዜ ከተማ ትምህርቱን ፈጽሞ ሲመረቅ፥ ከፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራችን የዓመት ፈቃድ ተቀብለን ከባለቤታችን ጋራ ወደዚያ ሄድን። መኖሪያችን ጎንደር ሲሆን፥ የባለቤታችን አባት ግን ከሊማሊሞ ግርጌ፥ ከዛሪማ ወዲያ በአዲ አርቃይ ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸው ሰማንያ የደረሰ፥ ብዙ ደቀ መዝሙር ያወጡ መሪጌታ ነበሩ። ለጥምቀት በዓል ወደ እርሳቸው እንወርድ ዘንድ ቀጠሮ ስለ ነበረን፥ ከኢጣልያ ምን ይዘን እንግባ የሚለው አሳብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልተለየንም።

ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። የአማታችን አባት በወረራው ዘመን ከወገራና ከሰሜን አርበኞች ጋራ የዘመቱ ሰው ነበሩ። ከደባርቅ ማዶ በወልቀፊት በር ላይ መሽጎ የነበረው የጠላት ጦር፥ መንገዱ ተቆርጦበት ለወራት ተከቦ ከቆየ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በመስከረም ወር እጁን ሰጠ። እርሳቸው ግን ያን ቀን ሳያዩ በጥይት ወደቁ። አማታችንም በሕፃንነታቸው የሙት ልጅ ሆነው ስላደጉ፥ «የኢጣልያ ዕቃ ደጄን አይረግጥም» ብለው እንደ ማሉ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ያውቃል። አንድ ጊዜ አንድ ዘመድ መልካም የኢጣልያ ጫማ ቢያመጣላቸው፥ አመስግነው ሳይቀበሉ መልሰውለታል።

ባለቤታችን ይህን እያስታወሰች፥ «ለአባቴ ከዚህ አገር ምንም ባንገዛ ይሻላል» አለች። እኛ ግን እንደ ጽሕፈት ቤት ሰው ክርክር አቀረብንባት። «አባትሽ በየጊዜው ወደ ደባርቅ የሚወጡበትን የሊማሊሞን መንገድ ማን አሠራው? ኢጣልያ አይደለምን? መኪናና ጎማ የምንለውስ ከማን ቃል የመጣ ነው? መንገዱን ረግጠው ቃሉን ተናግረው፥ ጠጁን ለምን ይንቃሉ?» አልናት። እርሷም፥ «በመንገዱ የሚሄዱት ሌላ መንገድ ስለሌላቸው ነው፤ ቤታቸው የሚገባውን ግን እርሳቸው ይመርጣሉ» ብላ ዝም አለች። ክርክሩን የረታን መስሎን ነበር።

በማግሥቱ በፊሬንዜ ወዳለ አንድ የወይን ጠጅ መደብር ገባን። በዚያ አገር የወይን ጠጅ ስም እንደ ርስት ወሰን ያለው ነው። የቶስካና ገዢ የነበረው ሦስተኛው ኮዚሞ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1716 ዓመት ባወጣው ዐዋጅ ኪያንቲ ተብሎ ሊጠራ የሚገባው ጠጅ ከየትኛው ወሰን ውስጥ የተለቀመ እንደ ሆነ ደንግጓል። በ1963 ደግሞ የኢጣልያ መንግሥት ለአገሩ ሁሉ የሚሆን ሕግ አወጣ። ስለዚህ ገዢው በጠርሙሱ ላይ «ዲ.ኦ.ቺ.» ወይም ከእርሱ የጠበቀውን «ዲ.ኦ.ቺ.ጂ.» የሚል ጽሑፍ ቢያይ፥ ጠጁ ከተባለው ስፍራ በተባለው ሥርዓት የተሠራ መሆኑን ሕግ ያረጋግጥለታል። በሁለተኛው ዐይነት አንገት ላይ ቁጥር ያለበት የመንግሥት ወረቀት ተለጥፎ ይገኛል። በኪያንቲ ክላሲኮ አንገት ላይ ደግሞ ጥቁር አውራ ዶሮ ተሥሎበታል። በላዩ የተጻፈው ዓመት ወይኑ የተለቀመበት እንጂ ጠጁ የተሸጠበት አይደለም። «ሪዘርቫ» የሚለው ቃልም ከተራው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ማረፉን ያመለክታል፤ ለኪያንቲ ክላሲኮ ይህ ዕረፍት ከ24 ወር አያንስም።

ይህን ሁሉ ባለ መደብሩ ካስረዳን በኋላ ብሩኔሎ የሚባለውን አሳየን። ይህም ከሲየና በስተ ደቡብ ካለው ከሞንታልቺኖ ኮረብታ የሚወጣ፥ ሳንጆቬዜ ከሚባለው ከአንድ ዐይነት ወይን ብቻ የሚጠመቅ፥ ከተለቀመበት ዓመት በኋላ አምስተኛው ዓመት እስኪገባ ድረስ ለሽያጭ የማይወጣ ቀይ ጠጅ ነው። ዋጋው ከሌሎቹ በጣም ይበልጥ ነበር። እኛም አማታችን ምን ይወዳሉ ብለን ሳይሆን፥ በበዓሉ ቀን የሚሰበሰበው ዘመድ ምን ይለናል ብለን አሰብንና ገዛነው። ስሕተታችን የጀመረው ከዚህ ላይ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ የወንድማችን ልጅ ወደ አንድ የትምህርት ጓደኛው ቤት ወሰደን። ቤቱ ከፊሬንዜ ወደ ሲየና በሚወስደው መንገድ፥ በግሬቬ አጠገብ፥ በኪያንቲ ኮረብታዎች መካከል ያለ የገበሬ ቤት ነው። የወይኑ ለቀማ አልቆ ቅጠሉ ቢጫና ቀይ ሆኖ ነበር። የቤቱ እመቤት፥ ጠጉራቸው የሸበተ ሴት ወይዘሮ፥ በጠባብ ደረጃ ወደ ጣራው ሥር አወጡን። በዚያም የወይን ዘለላ እንደ ቋንጣ ከወራጁ ላይ ተሰቅሎ፥ የቀረውም በሸምበቆ ምንጣፍ ላይ ተሰጥቶ አየን። መስኮቱ ተከፍቶ ነፋስ ይገባል፤ ሽታው ግን ሁለታችንንም አስደነገጠን። ባለቤታችን ክንዳችንን ይዛ፥ «የቤተ ልሔም ሽታ ነው» አለች፤ በቤተ ክርስቲያን ለቁርባን የሚሆነው ኅብስትና ዘቢብ ከሚሰናዳበት ቤት የሚመጣውን ሽታ ማለቷ ነበር።

ይህ ጠጅ በአገሩ ቋንቋ «ቪን ሳንቶ» ይባላል፤ ትርጓሜውም ቅዱስ ወይን ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ትሬቢያኖና ማልቫዚያ ከሚባሉ ነጭ ወይኖች ይሠራል። ዘለላው እስከ ክረምታቸው ድረስ ይሰቀልና ውኃው ተኖ ስኳሩ ሲበረታ ይጨመቃል። ጭማቂውም በትንንሽ የእንጨት በርሜል ተደርጎ፥ አፉ ተደፍኖ፥ በዚያው በጣራ ሥር የበጋው ሙቀትና የክረምቱ ብርድ እየተፈራረቀበት ለዓመታት ይቀመጣል። ሲወጣ መልኩ እንደ ማር፥ ጣዕሙም ጣፋጭ ነው። በትንሽ መለኪያ እየተቀዳ ከደረቅ የለውዝ ብስኩት ጋራ ለእንግዳ ይቀርባል።

ባለቤታችን በገዛ ገንዘቧ አንድ ትንሽ ጠርሙስ፥ የሙሉው ግማሽ የሆነውን፥ ገዛች። ለማን እንደ ሆነ ብንጠይቃት፥ «ሲደርስ ይታያል» ብላ በነጠላዋ ጠቀለለችው።

አሁን ስለ አያያዙ ጥቂት እንናገር። በአውሮፕላን ለሚሄድ ሰው ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽ ነገር በእጅ ሻንጣ ይዞ ፍተሻውን ማለፍ በዚያ ጊዜ አይፈቀድለትም ነበር፤ ስለዚህ ጠርሙሱ ወደ ዕቃ ክፍል በሚገባው ሻንጣ መታሸግ ነበረበት። አንድ ሙሉ ጠርሙስ ከነጠጁ ከ1 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን፥ አራት ጠርሙስ የገዛ ሰው ለልብሱ የሚተርፈውን ክብደት አስቀድሞ ማስላት ይገባዋል። ጠርሙሱ በላስቲክ ከረጢት ታስሮ፥ በወፍራም ልብስ ተጠቅልሎ፥ በሻንጣው መካከል እንጂ በዳር አይቀመጥም። ቀረጥ ሳይከፈልበት ይገባ ዘንድ የተፈቀደው መጠን በየጊዜው ሊለወጥ ስለሚችል፥ ከመነሣት በፊት ከጉምሩክ መጠየቅ፥ ሲደርሱም ሳይደብቁ መግለጽ ይገባል። ቤት ከደረሰ በኋላ ቡሹ እንዳይደርቅ ጠርሙሱን አጋድሞ፥ ፀሐይና የምድጃ ሙቀት በማይደርስበት ስፍራ ማኖር ነው። እኛም ይህን ሁሉ በሚገባ ፈጽመን ሁለቱን ጠርሙሶች ጎንደር አገባን። እስከ ጥር ድረስም በጓዳ ውስጥ በሰላም ዐረፉ።

የጥምቀት ከተራ በደረሰ ጊዜ ከጎንደር ማልደን ተነሣን። በዳባት አልፈን፥ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደባርቅ ደረስን። እስከዚያ ድረስ ደጋው የተደላደለ ስለ ሆነ መንገደኛው ምንም አይጠረጥርም። ከደባርቅ ጥቂት እንደ ተሻገሩ ግን ምድሩ በድንገት ያልቅና ሊማሊሞ ይጀምራል። መንገዱ በ1928 ዓ.ም. ከተጀመረው ወረራ እስከ 1933 ባለው ጊዜ፥ ጎንደርን ከአሥመራ ለማገናኘት ገደሉ እየተፈለፈለ የተሠራ ነው። አንዱን ጥምዝ ሲጨርሱት ሌላው ይቀበላል፤ በአንድ ወገን የድንጋዩ ግድግዳ፥ በሌላው ወገን ጥልቁ አለ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በገደሉ ጫፍ ተቀምጠው ሣር እየነጩ የሚያልፈውን መኪና ይመለከታሉ።

በደባርቅ አውቶቡስ ስንለውጥ ረዳቱ ሻንጣችንን ከጣራው ላይ፥ ፖርቶ መጋላ በሚባለው መጫኛ አሰረው። ብሩኔሎው በዚያ ሻንጣ ውስጥ መሆኑን እናውቅ ነበር። ባለቤታችን፥ «ጠርሙሱን አውጥተህ ያዘው» ብትለንም፥ ሹም የመሰለ ሰው ጠርሙስ ታቅፎ በሕዝብ መካከል መቀመጡ ነውር መስሎን እንቢ አልን። እርሷ ግን ነጠላዋን ከነጠቀለለችው ጋራ በጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጥምዝ ላይ ከጣራው አንድ ከባድ ዕቃ ሲወድቅ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ በመስኮቱ መስተዋት ላይ ቀይ ነገር መንጠባጠብ ጀመረ። ከኋላችን የነበሩ አንዲት አሮጊት፥ «ደም! ደም!» ብለው ጮኹ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ተነሣ፤ ሾፌሩም በድንጋጤ መኪናውን አቆመ። ረዳቱ ወጥቶ ካየ በኋላ ጣቱን ልሶ፥ «ደምስ አይደለም፤ የማን ጠላ ነው?» ሲል ሕዝቡ በሳቅ ተንከተከተ። የሞንታልቺኖ ጠጅ አምስት ዓመት ዐርፎ፥ በሊማሊሞ ድንጋይ ላይ ፈሰሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰ ወይን ግን የሚለቀም አይደለም። ጥፋቱም የረዳቱ ወይም የሾፌሩ ሳይሆን የእኛ ነበር።

ከቀትር በኋላ አዲ አርቃይ ገባን። የአማታችንን ጉልበት ስመን ከተቀመጥን በኋላ፥ ወሬው ሁሉ ተነግሮ አለቀና ዐይናቸው በልጃቸው ጭን ላይ ወዳለው ጥቅልል ሄደ።

«ይህ ምንድን ነው፥ ልጄ?» አሏት።

«ዘቢብ ነው፥ አባባ» አለች።

ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። በቤቱ የቡሽ መንቀያ ስላልነበረ፥ አንድ ጎረምሳ ቡሹን በእንጨት ወደ ውስጥ ገፍቶ ከፈተው። መሪጌታ አፍንጫቸውን አስጠግተው ብዙ ጊዜ አሸተቱ።

«እውነትም ዘቢብ ነው። ከየት የመጣ ነው?»

በዚህ ጊዜ ባለቤታችን ወደ እኛ ተመለከተች። እኛም በፊሬንዜ የተናገርነው ክርክር ሁሉ ከአፋችን ጠፍቶ፥ «ከኢጣልያ ነው፥ አባቴ» ብቻ አልን።

ቤቱ ዝም አለ። አማታችን ጠርሙሱን ከመሬት አላስቀመጡትም፤ መልሰውም አልሰጡንም።

«ዘቢቡን ማን ሰቀለው?» ብለው ጠየቁ።

ባለቤታችን ስለ ሴት ወይዘሮዪቱ፥ ስለ ጠባቡ ደረጃ፥ ስለ ሸምበቆው ምንጣፍና ስለ ነፋሱ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እርሳቸውም ሲሰሙ ቆይተው፥ «ሮማንስ አያችሁ? ሐውልታችን ቆሞ የነበረበትን ስፍራ አያችሁን?» አሉን። በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ተወስዶ፥ በ1997 በአውሮፕላን ወደ አገሩ የተመለሰውን ሐውልት ማለታቸው ነበር። «ስፍራውን አይተነዋል፤ ሐውልቱ ግን በዚያ የለም» ብለን መለስን። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ በኋላ እንዲህ አሉ፤ «እኔ ምያለሁ። የማልሁትን የሚፈታ ካህን ነው እንጂ ልጅ አይደለም። ጠርሙሱ ይክደን።» ልጃቸው በንጹሕ ጨርቅ አፉን አስራ በመስኮቱ ሥር አኖረችው። እኛም የሽማግሌውን በዓል ያበላሸን መስሎን ሌሊቱን እንቅልፍ አላየንም።

በማግሥቱ ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕሩ ተመልሶ ወደ መንበሩ ከገባ በኋላ፥ አማታችን ከነፍስ አባታቸው ጋራ በዛፍ ሥር ተቀምጠው ብዙ ሲነጋገሩ አየናቸው። ወደ ቤት ሲመለሱ የነፍስ አባታቸውም አብረው መጡ። ምን እንደ ተባባሉ አልጠየቅንም፤ መጠየቅም ወግ አይደለም። ምሳ ተበልቶ ጠጁ በብርሌ ከተቀዳ በኋላ፥ «ያን ዘቢብ አምጪው» አሉ። በአረቄ መለኪያ ለካህኑ፥ ለራሳቸው፥ ለእኛም ተቀዳ። ዳቦ ቆሎም ቀረበ። ካህኑ ከባረኩት በኋላ አማታችን ጥቂት ቀመሱና፥ «አባቴን የገደለው ጥይት ነው፤ ዘቢብ አይደለም» አሉ።

ከዚያም ወደ ሙያቸው ተመልሰው እንደ መምህር አስረዱን፤ «ለመሥዋዕት የሚሆነው ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ ሳይቦካ ይጨመቃል። ይህ ግን ዓመታት ያረፈ ስለ ሆነ ለገበታ ነው እንጂ ለመቅደስ አይሆንም። ቢሆንም ዘመዱ መሆኑ ይታወቃል» አሉ። ስለ ፈሰሰው ብሩኔሎ በነገርናቸው ጊዜም ከልባቸው ሳቁ፤ «ሊማሊሞ ድርሻውን ወሰደ» አሉን። ጠርሙሱ ባዶ ሲሆንም አልተጣለም፤ ታጥቦ ጠበል ማኖሪያ ሆነ። ከዚያ በኋላ በሄድን ቍጥር ከአልጋቸው ራስጌ እናየው ነበር።

ለእንግዲህ ከባሕር ማዶ ስጦታ ይዞ የሚመለስ አንባቢያችን ከዚህ ነገር ጥቂት ቢወስድ እንወዳለን። ስለ ዋጋው ከማሰብ በፊት ስለሚቀበለው ሰው ያስብ፤ ሕመሙንም ወግ ልማዱንም ይወቅ። ጣፋጩን የጠጅ ዐይነት የለመደ ሽማግሌ ኮምጣጣና ጎምዛዛውን ቀይ ጠጅ ይወዳል ብሎ አይገምት። የጠጁን አሠራር ካየ ወይም ከጠየቀ ገዝቶ ይምጣ፤ ስጦታው ሲሰጥ የሚነገር ነገር ይኖረዋልና። የቡሽ መንቀያም አብሮ ይግዛ። ተሰባሪ ዕቃ በጭን እንጂ በጣራ አይጫንም፤ ለዚህም ነውር የለበትም። ኢጣልያ ያልደረሰም ሰው ቢሆን አይቸገር፤ የአዋሽን ጉደርና አክሱሚት አገራችን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ታውቃቸዋለች፤ በዝዋይ ከተተከለው የካስቴል ወይን የተጠመቀውም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2014 ለገበያ ወጥቷል።

ከሁሉ በላይ ግን፥ የአባቷን ልብ ከምታውቅ ሚስት ጋራ በነገር ክርክር የረታ ባል፥ ገና ሊማሊሞን እንዳላለፈ ይወቅ።